መስኮቱን ያስከፈተው

ተኛ እንጂ ሙሐዲን፣ ተኛ፣ የሰው ቀን ላንተ ሌሊት ነው፣ ማታ ሥራ ትገባለህ፣ መጋረጃውን ጎትተሃል፣ ብርድ ልብሱን ተከናንበሃል፣ ሌላ ምን ቀረህ፣ እላለሁ ለራሴ፣ ራሴ ግን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። ከነጋ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ። ሁለቴ ኔትወርክ የለም፣ ሦስቴ አይነሣም፣ አንዴ እህቴ ሙና አነሣችና "ደህና ናቸው፣ ሰው አለ፣ ቆየት ብለህ ደውል" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ደህና ናቸው የተባሉት አባቴ ናቸው፣ አደም ሰፊው፣ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ካለች በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የስፌት መኪና የረገጡ፣ የቄሱ ቀሚስ የሼሁ ጀለቢያ በእጃቸው ያላለፈ የለም። ደህና ናቸው ትለኛለች፣ ከኋላዋ ግን ሳላቸው ይሰማኛል፣ ያ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ የሚጎተት ሳል፣ ከሳሉ ሥር ደግሞ የሕፃን ለቅሶ። የሙና ልጅ ናት፣ ኢክራም፣ ገና አርባዋ አልወጣ። ሕፃኗን እዚያ ክፍል ምን አስገባት? አራሷ ጓዳ አልነበረችም እንዴ? እንቅልፌን የነሣኝ ይኸ ነው እላለሁ፣ ውሸቴን ነው፣ እንቅልፍ ያጣሁት ከአገሬ ከተመለስሁ ጀምሮ ነው።

መናገር ያለብኝ ሦስት ነገር ነው። በሽታውን ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ። ሕፃኗን ከዚያ ክፍል አውጡ። መስኮቱን ክፈቱ። በቃ፣ ይኸ ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አንድ ትንፋሽ የማይፈጀው ነገር ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው ጉሮሮዬ ላይ ከተቀመጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቴ፣ የሰውን በሽታ የደበቀስ ምን አለው አባ?

የምሠራው እዚህ ሰሜን ጀርመን፣ ሽማግሌና አሮጊት በሚጦርበት ቤት ነው፣ የሌሊት አስታማሚ ነኝ፣ ስድስት ዓመቴ። ማንም ሞኝ ነው ሊለኝ አይችልም፣ ሁሉንም አውቃለሁ። እጅ በሳሙና ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ አውቃለሁ፣ ሳል በክርን እጥፋት እንደሚታፈን፣ ትኩሳት ለቆት አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፈው ሰው ከሰው እንዳይቀላቀል፣ በክረምት ብርዱ እየቆረጠም ቢሆን መስኮት በየሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ ወለል ተደርጎ እንደሚከፈት፣ ይኸ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እኔው ራሴ ነኝ የለጠፍሁት። ኡልሪከ፣ ኃላፊያችን፣ በጥቅምት መጀመሪያ ዝርዝር ይዛ መጣች፣ "ሙሐዲን፣ የኢንፍሉዌንዛ መርፌህን መቼ ነው የምትወጋው?" የሚመጣው ሳምንት አልኋት። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ የሚመጣው ሳምንት አልኋት። ለጉንፋን መርፌ! ማታውን ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት፣ ሳቀች፣ "ለጉንፋንም መርፌ? እነዚህ ሰዎች ለማዛጋትስ ሐኪም አላቸው?" አለችኝ፣ አባቴ ከጎኗ ሆነው ሰሙና ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ደረታቸው ድሮም ከጨርቅ ብናኝ የተነሣ ደካማ ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ምን ቆርጦኝ ነው የሳቅሁት። አገር ቤት ልሄድ በመጨረሻው ሳምንት እኔ ያለሁበት ፎቅ ላይ ሦስት አሮጊቶች ታመው በራቸው ላይ ቀይ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር፣ ኢንፍሉዌንዛው ዘንድሮ ቀድሞ ገባ ተባለ፣ አንዷን በእጄ አጠብሁ፣ አንሶላዋን ቀየርሁ፣ በማግሥቱ አውሮፕላን ተሳፈርሁ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ የእንቅልፍ እጦት ነው አልሁ።

ከባሕር ዳር ሚኒባስ ይዤ እወጣለሁ፣ ማስኬን አፌ ላይ አድርጌ፣ እውነቴን ነው አድርጌ ነበር። አጠገቤ ያለውን መስኮት ጣት በምታህል ከፈት አደረግሁ። ከኋላዬ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው "ልጄ፣ ዝጋው፣ ነፋስ አታስመታን" አሉ። ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቧል፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ላብ በላብ ሆነናል፣ ግን በአገሬ ሰው ዘንድ በሽታ የሚገባው በመስኮት ነው፣ ሌባም እንዲያ አይፈራ። ሐሙሲት ስንደርስ ረዳቱ ማስኬን አይቶ "ኮሮና ተመለሰ እንዴ ወንድሜ?" አለ፣ መኪናው በሙሉ ሳቀ፣ አገጬ ላይ ዝቅ አደረግሁት፣ ወረታን ሳናልፍ ኪሴ ገባ። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር አንድ ነገር እለማመዳለሁ፦ አባ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ለትንሽ ቀን አይጠጉኝ። አባ፣ ጉንፋን ይዞኛል። መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል፣ በዚያ ማለዳ፣ ሁለት ኮት ደራርበው፣ ጋቢ የለም፣ ትከሻቸው ጠቧል፣ ያ ሁሉ ትከሻ የት ሄደ? ዘጠኝ ዓመት። እጃቸውን ዘረጉ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ አባትን ሁለት እርምጃ ወደኋላ በሉ የሚል አፍ ያለው ልጅ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። አገላብጠው ሳሙኝ፣ አንገቴ ሥር ገብተው አሸተቱኝ፣ ድሮ ከመድረሳ ስመለስ እንደሚያደርጉት፣ እኔም ትንፋሼን ያዝሁ፣ እስከቻልሁት ድረስ ያዝሁ፣ ከዚያ ማልቀስ መጣብኝና ትንፋሼ አመለጠኝ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣለኝ። ሰው ቤቱን ሞላው፣ መንገደኛ መጣ ብሎ የመጣውም ታመመ ብሎ የመጣውም አንድ ላይ፣ በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፣ ነውር ነው። እናቴ ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን ታጠጣኛለች፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ታስውጠኛለች። አባቴ ከራስጌዬ አልነሣ አሉ፣ ሾርባውን በማንኪያ ይቀምሱና "በርዷል" ብለው በዚያችው ማንኪያ ያጎርሱኛል። የማውቀውን ሁሉ አውቃለሁ፣ አፌን ከፍቼ እጎርሳለሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው በአባቱ እጅ ሲጎርስ እንዴት ደስ እንደሚለው ታውቃላችሁ? ለሙና ልጅ ብቻ ጠነከርሁ፣ "መንገደኛ አራስ ቤት አይገባም" ብዬ በአገሩ ወግ አመካኝቼ ከጓዳው በር መለስሁ፣ ያችን ታህል ነው ያደረግሁት። እኔ ተነሣሁ። በአምስተኛው ቀን አባቴ ወደቁ።

እና ምን ተባለ? ብርድ መታቸው ተባለ። ማለዳ መናኸሪያ ወጥተው ብርድ መታቸው፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደረታቸው ገባ። ያን ጊዜ ነው እናቴ፣ ሐሊማ፣ በሕይወቷ ሰውን በነገር ነክታ የማታውቅ ሴት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ "ጋቢያቸውን የረሳሁ እኔ ነኝ፣ ከምስማሩ ላይ ሳየው ነበር፣ ልጄ መጣ ብዬ እየተቻኮልሁ ረሳሁት፣ እኔ ነኝ" ብላ ያለቀሰችው። አጠገቧ ቆሜያለሁ። አይደለሽም ማለት ነበረብኝ። ትከሻዋን ያዝሁና "አላህ ያውቃል እማ" አልኋት። አላህማ ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር እኮ! አባቴ ትንሽ ሻል አላቸው፣ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ፈቃዴ አለቀ፣ ተመለስሁ። በተመለስሁ በሁለተኛው ቀን አገረሸባቸው። ይኸ በሽታ እንዲህ ነው፣ የሄደ መስሎ ዞሮ ሳንባ ላይ ይቀመጣል፣ ይኸም ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ስልኩ ደረቴ ላይ ተንዘፈዘፈ። እናቴ ናት።

"ሙሐዲኔ፣ እንዴት ነህ ልጄ? ሳሉ ለቀቀህ?"

"ለቀቀኝ እማ፣ እኔ ድኛለሁ፣ አባስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። ማን እየጠየቀህ ነው?"

ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ይኸን ነው። ማን እየጠየቀኝ ነው። እዚህ አገር የታመመን ሰው አለመጠየቅ ነው ወጉ እማ፣ በሩ ላይ ወረቀት ይሰቅላሉ፣ ብልስ ምን ይገባታል። "ኧረ ብዙ ሰው" እላታለሁ።

"እዚህም ሰው አልጎደለብንም" አለች፣ ድምፅዋ ይጎረብጣል፣ "መሪጌታ ሚልኪያስ ከጠዋት ጀምሮ ከራስጌያቸው ናቸው። የገበያው ሰውም ይመጣል ይሄዳል።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ምንም፣ ትንሽ ከረከረኝ። ብርዱ እኮ ነው፣ ጓዳው አላስቀምጥ አለ፣ አራሷንም ሕፃኗንም ወደዚህ አምጥተናቸዋል፣ እዚህ ከሰሉም አለ፣ ሰዉም ያሞቀዋል፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፌዋለሁ፣ ነፋስ የሚባል አይገባም።"

ተነሥቼ ተቀመጥሁ። አየሁት ያን ክፍል፣ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው፣ አራት እርምጃ በአምስት፣ አንድ መስኮት፣ መኪናዋ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍና፣ አሥራ ምናምን ሰው፣ ሁሉም የሚያስል፣ መሀላቸው የሃያ ስድስት ቀን ሕፃን። ሳይደርቅ በእርጥቡ። አሁን ካልተናገርህ ሙሐዲን አፍህ ይዘጋ፣ ለዘላለም ይዘጋ።

"እማ፣ ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጊው። ሁሉም ይስማኝ።"

"ምነው? ምን ሆንህ?"

"አድርጊው በአላህ።"

ተናገርሁት። ይዤው የመጣሁ እኔ ነኝ አልሁ። ብርድ አይደለም፣ መናኸሪያው አይደለም፣ የኔ በሽታ ነው፣ ከማክማቸው አሮጊቶች ያዘኝ፣ መርፌ ውጋ ሲሉኝ ሳቅሁ፣ መታመሜን እያወቅሁ አባቴን ሳምሁ፣ አሁንም ከአንዱ ወዳንዱ እየሄደ ነው፣ ሕፃኗን አውጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ አባን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል። ሊሰድቡኝ ነው አልሁ፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ይስሙኝ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ሙሐዲን፣ በከንቱ ነፍስህን አታስጨንቃት፣ ጉንፋን ከላይ የሚታዘዝ ነው፣ ማንም ለማንም አይሰጠው። እኛም ታምሜ ጠየቃችሁኝ ተብሎ ለተጻፈው ብለን ነው የመጣነው። አንተ ብቻህን ሁነህ ነው ይኸ ሐሳብ የሚመጣብህ።"

"ትኩሳቱ አገርሽቶበት ነው" ትላለች እናቴ፣ ለሰዉ ነው የምትለው፣ "ወይኔ ልጄን፣ ሰው የለውም፣ ማንም አይጠይቀው፣ ይዋሸኛል እኮ።"

ጮኽሁ። በአባቴ ጓደኛ ላይ ጮኽሁ፣ መሪጌታ ላይ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ "ሥራዬ ነው! እንጀራዬ ነው ይኸ! ሲሞቱ አይቻለሁ እኮ!" አልሁ። ያፈርሁት ወዲያው ነው፣ አባቴ የተኙበት ክፍል ውስጥ ሞት ብዬ ጠራሁ። ሕፃኗ አለቀሰች። ከዚያ ያ ሳል መጣ፣ ረጅም፣ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ እነሱም እዚያ፣ እኔም እዚህ።

"ክፈቱት" አሉ አባቴ።

"ኧረ በአላህ፣ ይበርድዎታል!"

"ልጄ የሚያውቀውን ነው የሚናገር። ሕፃኗን አውጧት። ሰዉም… መሪጌታ፣ አትቀየመኝ፣ ውጭ ተቀመጡልኝ። ክፈችው ሐሊማ።"

እኒህ ሰው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው አንድ ቀን ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተው የማያውቁ፣ በረንዳ ላይ ሲሰፉ እንኳ ጀርባቸውን በማዳበሪያ ከረጢት የሚጋርዱ፣ ክፈቱት አሉ። ጨርቁ ከስንጥቁ ሲመዘዝ ሰማሁ፣ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር በስልኩ ገባች፣ የባጃጅ ጡሩንባ፣ ድንች በቁና የሚሸጥ ሰው ጩኸት፣ የበቅሎ ኮቴ። "ገበያው ይሰማል" አሉ አባቴ። ድምፃቸው ውስጥ ፈገግታ ነበረበት፣ ወላሂ ነበረበት። ልቤ ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ አረፈ።

ከዚያ እናቴ "ጭሱ!" አለች። "ጭሱ ገባ እኮ! ሙሐዲን፣ ዛሬ እኮ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው!"

ኅዳር አሥራ ሁለት። ኅዳር ሲታጠን። ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን በየበሩ ከምሮ በሽታ ይውጣ ብሎ የሚያቃጥልበት ቀን፣ በአያቶቻችን ጊዜ ያን ሁሉ ሰው ለፈጀው ለኅዳር በሽታ፣ እሱም እኮ ጉንፋን ነበር፣ እሱም እኮ ይኸው ነበር። ልጅ ሆኜ ከክርስቲያኑ ልጆች ጋር እሳቱን እየዘለልሁ ያደግሁበትን ቀን ረሳሁት። ስልኬ የሚነግረኝ የፈረንጅ ቀን ነው፣ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቀን ስቆጥር የራሴ ጠፋኝ። ዝጉት ልበል? ሕፃኗ ወጥታለች? ክፈቱት ልበል? ደረታቸው ያን ጭስ ይችላል? አሥራ ምናምን ሰው የተነፈሰውን አየርስ ይችላል? አፌን ከፈትሁ፣ ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቀውም፣ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልሁ፣ ደወልሁ፣ ኔትወርክ የለም። እስኪመሽ የለም። ሥራ ገባሁ፣ በየሰዓቱ የአሮጊቶቹን መስኮት እየዞርሁ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሳንባቸው ላይ ተቀምጧል ተባለ፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ኪኒን፣ መርፌ፣ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ኡልሪከ ዘንድ ሄጄ ክንዴን ገለጥሁላት። ካገገምህ በኋላም ይጠቅምሃል አለችኝ፣ መርፌው ሲገባ እንኳ አልተሰማኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እስከ ሦስተኛው ቀን ክንዴን አመመኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሙና ደወለች፣ ገና ሳላነሣው አወቅሁት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን። ከቀትር በኋላ ቀብረዋቸው ተመልሰዋል፣ መሪጌታ ሚልኪያስ ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ መቃብሩ ሄደዋል አለችኝ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ፣ መጋረጃው ተስቧል፣ ወደ የት እንደምነሣ አላውቅም፣ ማን ዘንድ ሄጄ አባቴ ሞቱብኝ እንደምል አላውቅም።

"ሙና፣ ኢክራምስ?"

"ደህና ናት። የዚያን ዕለት ወደ አማቶቼ ቤት ይዣት ወጣሁ። አንዲት ጊዜ እንኳ አላስነጠሳትም።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ሙሐዲን፣ ሰዉ የሚለውን ከሌላ ከምትሰማው እኔ ልንገርህ ብዬ ነው። መስኮቱ ነው ይላሉ። መስኮቱን ያስከፈተባቸው ልጃቸው ነው፣ በኅዳር ጭስና በጉና ነፋስ ገደላቸው ይላሉ። አባም እስኪመሽ እንዳይዘጋ ብለው ከለከሉን። እኔ ግን ለደግ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ለደግ ብዬ። ለደግ ብዬ ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ያቺ መስኮት ናት፣ የተፈረደብኝም በእሷ ነው። የሳምኋቸውን ማንም አላነሣው፣ ስለ ማንኪያዋ የጠየቀኝ የለም። ወይስ እውነታቸውን ነው? ጭሱ ይሆን? ማን ይነግረኛል፣ ኡልሪከን ብጠይቃት ሳንባቸው አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር ትለኛለች፣ መጽናኛ ይሁን ዕውቀት አላውቅም። ልጮኽ ነበር፣ እንደገና ሁሉንም ልዘርዝር ነበር፣ እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

"ሙሐዲኔ።"

"እማ።"

አለቀሰች፣ አለቀስሁ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማት ነው።

"መስኮቱ ነው ይላሉ።"

"ሰማሁ እማ።"

"መስኮቱ ከሆነ…" አለች፣ ትንፋሽ አጠራት፣ "መስኮቱ ከሆነ እንግዲህ ጋቢው አይደለማ? እኔ የረሳሁት ጋቢ አይደለም ማለት ነዋ? አንተ የሕክምና ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

ጋቢው አሁንም ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል። እሷ ደግሞ ያን ምስማር እያየች የምትኖርባቸው ዓመታት አሉ። እውነቱንማ ነግሬያት ነበር፣ ከነ ዝርዝሩ፣ ትኩሳት ነው አለችኝ።

"ጋቢው አይደለም እማ" አልሁ። "መስኮቱ ነው። ያስከፈትሁት እኔ ነኝ።"

ከወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ።

"አላህ ይቅር ይበልህ ልጄ" አለችኝ።